ያልተያዘው ገዳይና ሙት ወቃሾቹ

 

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ለዚህ አምድ እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ፣ በ1888 ሴቶችን በሌሊት እያረደ ሳይያዝ ስለቀረው ነፍሰ ገዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የገዳዩን ሥራ ልንተርክ ግን አይደለም፤ እርሱን የሚተርኩ ሞልተዋል። የምንመረምረው ከእርሱ በኋላ የመጡትን፣ ዳኛም መርማሪም ሳይሆኑ «ገዳዩ እገሌ ነው» እያሉ መጽሐፍ የሚጽፉትንና ፊልም የሚሠሩትን ነው።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ምናችን እንደሆነ ላስረዳ። በቅርቡ ከደርስ በኋላ አንድ ተማሪዬ «ኡስታዝ፣ የለንደኑ ገዳይ የንግሥቲቱ ሐኪም ነበር አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። «ማን ነገረህ?» ብለው፣ «በፊልም አይቻለሁ፤ ደግሞም ሁሉም ያውቀዋል» አለኝ። ይህ ልጅ ማንም ሰው ሐዲስ ቢነግረው «ሰነዱስ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎበዝ ተማሪ ነው። ስለ አንድ የሞተ ሰው ነፍስ ማጥፋት ሲነገረው ግን ሰነድ መጠየቁን ረሳ። እንግዲህ ጉዳዩ የእኛም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ልጆቻችን ይህን ታሪክ በፊልም ያዩታል፤ በስልካቸው ያዳምጡታል፤ ሰውን በግምት መወንጀል እንደ እንቆቅልሽ ያለ ጨዋታ መስሎ ይታያቸዋል።

በ1888 የሆነው

ኋይትቻፕል በምሥራቅ ለንደን የሚገኝ ሰፈር ነው። ዛሬ ስሙ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። የምሥራቅ ለንደን መስጊድ አሁን ባለበት ሕንፃ በ1985 የተከፈተው በዚሁ ሰፈር አውራ ጎዳና ላይ ሲሆን፣ በአካባቢው ዘራቸው ከባንግላዴሽ የሚመዘዝ ብዙ ሙስሊሞች ይኖራሉ። በ1888 ግን ሰፈሩ የድሆች መጠጊያ ነበር። የወደብ ቀን ሠራተኞች፣ የአየርላንድ ስደተኞች፣ በሩሲያ ግዛት ከ1881 ጀምሮ ከደረሰባቸው ጥቃት የሸሹ አይሁዶች ተጨናንቀው ይኖሩበት ነበር። ቤት የሌለው ሰው በአራት ፔንስ አልጋ ተከራይቶ ያድራል፤ አራት ፔንስ ያጣ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከኦገስት 31 እስከ ኖቬምበር 9 ቀን 1888 ድረስ ባሉት አሥር ሳምንታት አምስት ሴቶች ተገደሉ። ስማቸው ሜሪ አን ኒኮልስ፣ አኒ ቻፕማን፣ ኤልዛቤት ስትራይድ፣ ካትሪን ኤዶውስና ሜሪ ጄን ኬሊ ይባላል። ስትራይድና ኤዶውስ የተገደሉት በአንድ ሌሊት፣ በሴፕቴምበር 30 ነው። ፖሊስ ከ2,000 በላይ ሰዎችን ጠየቀ፤ ወደ 300 የሚሆኑትን መረመረ፤ 80 ያህሉን ይዞ አቆየ። በነዚህ ግድያዎች ለፍርድ የቀረበ ሰው ግን የለም። የለንደን ፖሊስ የጣት አሻራ ክፍል ያቋቋመው በ1901 ነው፤ የአንዱን ሰው ደም ከሌላው የሚለዩበት ዕውቀትም ያኔ አልነበረም።

በእርግጠኝነት መናገር የሚቻለው እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ በኋላ ያለው «ሳይሆን አይቀርም» ነው። በዚህ «ሳይሆን አይቀርም» ላይ ተመሥርቶ ግን ከመቶ በላይ ሰዎች በገዳይነት ስማቸው ተጽፏል። እስቲ ሒሳቡን አስሉት። ገዳዩ አንድ ሰው ነበር ብንል፣ ከነዚህ ሁሉ መካከል ቢበዛ በአንዱ ላይ እውነት ተነግሯል ማለት ነው። የቀሩት በሙሉ ባልሠሩት ደም ስማቸው ጎድፏል። አበው «ስም ከመቃብር በላይ ነው» ይላሉ። የነዚህ ሰዎች አካል ከመቃብር በታች ነው፤ ከመቃብር በላይ የቀረውን ስማቸውን ነው የነጠቋቸው።

ስሙን ማን አወጣለት?

ገዳዩ ዓለም የሚያውቀው «ጃክ ዘ ሪፐር»፣ ማለትም ቀዳጁ ጃክ፣ በሚል ስም ነው። ይህን ስም ማን አወጣው? ሴፕቴምበር 25 ቀን 1888 የተጻፈ፣ በቀይ ቀለም የተከተበ ደብዳቤ በለንደን ለሚገኝ አንድ የዜና ድርጅት ደረሰ። ጸሐፊው ገዳዩ እኔ ነኝ አለና በዚህ ስም ፈረመ። ጋዜጦች አወጡት፤ ስሙ በአንድ ሳምንት ውስጥ አገር ለአገር ዞረ። የፖሊስ ኃላፊዎች ግን ኋላ ላይ ደብዳቤው ጋዜጣ ለማሸጥ ሲባል በጋዜጠኛ የተፈጠረ መሆኑን ማመናቸውን ጽፈዋል። ከዚያ ወዲያ «ገዳዩ እኔ ነኝ» የሚሉ በመቶ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ጎረፉ።

በሐዲስ ዕውቀት ማንነቱ ያልታወቀ ተራኪ መጅሁል ይባላል፤ በእርሱ ወሬ ላይ ሕግ አይቆምም። እዚህ ግን ገዳዩ የሚጠራበት ስም ራሱ ከመጅሁል የመጣ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች የገዳዩን ባሕርይ፣ ዕውቀቱንና ቀልዱን የሚያጠኑት ከነዚህ ደብዳቤዎች ነው። መሠረቱ እንዲህ የሆነ ቤት ጣሪያው ቢያምር ምን ይጠቅማል?

ጣት የተቀሰረበት የመጀመሪያው ሰው

ግምት ሰውን መጉዳት የጀመረው መጻሕፍቱ ከመጻፋቸው በፊት ነው። በሴፕቴምበር 1888 መጀመሪያ በሰፈሩ «የቆዳ ሽርጥ» የሚሉት ሰው ገዳዩ ነው የሚል ወሬ ተነሳ። ጋዜጦች አጋነኑት፤ ሰውየው አይሁድ መሆኑን ደጋግመው ጻፉ። ጆን ፓይዘር የሚባል አይሁዳዊ ጫማ ሠሪ ሴፕቴምበር 10 ቀን ተያዘ። ሲመረመር በመጀመሪያው ግድያ ሌሊት በወደቡ የተነሳውን ቃጠሎ ሲመለከት ከአንድ ፖሊስ ጋር ተነጋግሮ ነበር። በሁለተኛው ግድያ ጊዜ ደግሞ ሕዝቡን ፈርቶ በዘመዶቹ ቤት ተደብቆ ነበር። ንጹሕነቱ ተረጋገጠና ተለቀቀ። ወሬው ግን አልተያዘም፤ አልታሰረምም። በየመንገዱ አይሁዶች ተሰደቡ፣ ተሳደዱ።

ሴፕቴምበር 30 ሌሊት ሁለቱ ሴቶች ከተገደሉ በኋላ፣ በአንድ ሕንፃ መግቢያ ግድግዳ ላይ አይሁዶችን የሚያነሳ የጠመኔ ጽሑፍ ተገኘ። የለንደን ፖሊስ አዛዥ ሰር ቻርልስ ዋረን ከመንጋቱ በፊት፣ ፎቶግራፍ እንኳ ሳይነሳ፣ እንዲታጠብ አዘዙ። ማስረጃ አጠፉ ተብለው እስከ ዛሬ ይወቀሳሉ። እርሳቸው የፈሩት ግን ነግቶ ሕዝቡ ጽሑፉን ቢያነብ በስደተኞቹ ላይ የሚነሳውን ሁከት ነው። ጠመኔው ማን እንደ ጻፈውና ከግድያው ጋር ግንኙነት ይኑረው አይኑረው አልተረጋገጠም። ነገር ግን ባልተረጋገጠ ጽሑፍ ሰው ሊሞት ይችል ነበር።

አንድ ወንጀል ሲፈጸም የሕዝብ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቋንቋው በተለየ፣ ሃይማኖቱ በተለየ፣ አልባሱ በተለየ ሰው ላይ ነው። በዚያን ዘመን በኋይትቻፕል ያ ሰው አይሁዳዊው ስደተኛ ነበር። በሌላ ዘመንና በሌላ አገር ማን ሊሆን እንደሚችል ለሙስሊም አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በደል በእኛ ላይ ሲደርስ እንደሚመረን፣ በሌላው ላይ የደረሰውም ሊመረን ይገባል።

የመጻሕፍቱ ሰነድ ሲመረመር

በመድረሳ የቀራ ሰው ወሬ ሲነገረው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከማን ሰማህ? እርሱስ ከማን ሰማ?» ብሎ ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ተራኪው ከሚተርክለት ሰው ጋር በአንድ ዘመን መኖሩን፣ ኢማም አልቡኻሪ ደግሞ መገናኘታቸው ጭምር መረጋገጡን ይሹ ነበር። ሰውየው እውነተኛ ነው ወይ? የያዘውን በትክክል የሚይዝ ነው ወይ? የሚናገረው ከእርሱ ይበልጥ ከታመኑት ቃል ጋር ይጋጫል ወይ? እስቲ የታወቁትን ግምቶች በዚህ ሚዛን እንመዝናቸው።

አንደኛ፣ የፖሊሱ ማስታወሻ። ሰር ሜልቪል ማክናተን በ1894 ባዘጋጁት የመሥሪያ ቤት ማስታወሻ ሦስት ሰዎችን በተጠርጣሪነት ጠቅሰዋል። ብዙ ጸሐፊዎች «ፖሊስ ራሱ ስም ጠርቷል» ሲሉ የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ማክናተን ወደ ፖሊስ የገቡት በ1889፣ ግድያው ካበቃ በኋላ ነው። ስለ መጀመሪያው ሰው ስለ ሞንታግ ድሩዊት ሲጽፉ ሐኪም፣ ዕድሜውም ወደ 41 አሉት። እውነቱ ሲጣራ ጠበቃና የትምህርት ቤት መምህር፣ ዕድሜውም 31 ነበር። በ1888 መጨረሻ ሬሳው ከቴምዝ ወንዝ መውጣቱ እንጂ ከግድያው ጋር የሚያያይዘው የታወቀ ማስረጃ የለም። ሁለተኛው ኮዝሚንስኪ የሚባል ፖላንዳዊ አይሁድ ነው። ማስታወሻው በ1889 ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ ይላል፤ በዚህ ስም የሚታወቀው የሰፈሩ ሰው በመዝገብ የሚገኘው ግን በ1891 ነው። ሦስተኛው ሚካኤል ኦስትሮግ፣ ግድያው በሚፈጸምበት ጊዜ በፈረንሳይ አገር እስር ቤት እንደነበር ኋላ በመዝገብ ተረጋግጧል። እንግዲህ ሦስት ስም፣ በሦስቱም ላይ ስሕተት። እንዲህ ያለውን ተራኪ ሊቃውንቱ ይዞታው ደካማ ነው ይሉታል፤ ውሸታም ነው አይሉትም። በእርሱ ቃል ብቻ ግን ሰው አይፈረድበትም።

ሁለተኛ፣ የቤተ መንግሥቱ ወሬ። በ1970 ቶማስ ስቶዌል የተባሉ ሐኪም ስም ሳይጠሩ በጻፉት ጽሑፍ ጥርጣሬ በንግሥት ቪክቶሪያ የልጅ ልጅ በልዑል አልበርት ቪክተር ላይ ወደቀ። ልዑሉ ሁለቱ ሴቶች በተገደሉበት ዕለት በስኮትላንድ እንደነበሩ የዘመኑ የቤተ መንግሥት መዝገብ ያሳያል። በ1976 ደግሞ ስቲቨን ናይት ወሬውን አስፍቶ፣ ገዳዩ የልዑሉን ምስጢራዊ ጋብቻ ለመደበቅ የተላኩት የንግሥቲቱ ሐኪም ሰር ዊልያም ጋል ናቸው ብሎ ጻፈ። ሐኪሙ በ1888 ዕድሜያቸው 71 ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም የአንጎል ደም መፍሰስ ሕመም መትቷቸዋል። የታሪኩ ዋና ተራኪ ራሱ በ1978 ለጋዜጣ ታሪኩ ፈጠራ መሆኑን ተናገረ። ተራኪው የካደው ወሬ ከዚያ በኋላ ምን ይባላል? መውዱዕ፣ የተፈበረከ ይባላል። ያም ሆኖ በ2001 ትልቅ ፊልም ተሠራበት። ተማሪዬ «ሁሉም ያውቀዋል» ያለኝ ይህንን ነው።

ሦስተኛ፣ የነጋዴው ማስታወሻ ደብተር። በ1992 የመጀመሪያ ገጾቹ የተቀደዱ አሮጌ ደብተር ብቅ አለ፤ በ1993 ታተመ። በ1889 የሞተው የሊቨርፑሉ የጥጥ ነጋዴ ጄምስ ሜብሪክ ግድያውን በእጁ ጽፎ ተናዟል ተባለ። ደብተሩን ያቀረበው ሰው በ1994 የፈጠርኩት እኔ ነኝ አለ፤ ቆይቶ ቃሉን አጠፈ፤ ደግሞም መለሰው። ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ የሚል ምስክር በየትኛው ችሎት ይሰማል?

አራተኛ፣ ሠዓሊው። ታዋቂዋ አሜሪካዊት የልብ ወለድ ደራሲ ፓትሪሺያ ኮርንዌል በ2002 ባወጣችው መጽሐፍ ገዳዩ ሠዓሊው ዋልተር ሲከርት ነው፣ ጉዳዩም ተዘጋ ብላ አወጀች። ብዙ ገንዘብ አወጣች፤ ሥዕሎቹን ገዛች፤ የደብዳቤዎቹን ፖስታና ቴምብር ለዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ሰጠች። የተገኘው ዓይነት ዲ.ኤን.ኤ. በእናት በኩል የሚወረስ፣ ብዙ ሰዎች የሚጋሩት ነው፤ አንድን ሰው ነጥሎ አያመለክትም። ደግሞም ሲከርት ደብዳቤ ጽፏል ቢባል እንኳ፣ ደብዳቤ መጻፍና ሰው መግደል ይለያያሉ፤ ደብዳቤ የጻፉ በመቶ የሚቆጠሩ ቀላጆች ነበሩና። በተጨማሪም ሠዓሊው በዚያ ወቅት በፈረንሳይ አገር እንደነበር የሚጠቁሙ የቤተሰቡ ደብዳቤዎች አሉ። «ሥዕሎቹ ጨለማ ናቸው» የሚለው ክርክር ደግሞ ምኑ ክርክር ነው? ጨለማ የሣለ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ከሆነ የቀብር ቦታ የሣለ ሁሉ ሙት ሊባል ነው።

አምስተኛ፣ ሻሹ። ራስል ኤድዋርድስ የሚባል ነጋዴ በ2007 በጨረታ አንድ አሮጌ የሐር የአንገት ልብስ ገዛ። በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ ልብሱ በካትሪን ኤዶውስ ሬሳ አጠገብ የተገኘ ነው፤ በላዩ የተገኘው ዲ.ኤን.ኤ. ከእርሷና ከኮዝሚንስኪ ዘመዶች ጋር ይመሳሰላል አለ። ወሬው ዓለምን ዞረ። ነገር ግን ሰነዱ እንዴት ነው? ልብሱን አንድ ፖሊስ ከግድያው ቦታ ወስዶ ለቤተሰቡ አቆየ ይባላል። ግድያው የተፈጸመው በከተማው ልዩ ፖሊስ ክልል ሲሆን፣ ይህ ሰው ግን የሌላው ፖሊስ ባልደረባ ነበር። በዚያች ሌሊት ፖሊስ በሟቿ ላይ የተገኘውን ዕቃ አንድ በአንድ መዝግቧል፤ ሻይና ስኳር የያዙ ትንንሽ የቆርቆሮ ዕቃዎች ሳይቀሩ ተጽፈዋል። እንዲህ ያለ ሻሽ ግን በዝርዝሩ የለም። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ከመቶ በላይ ዓመታት ስንት እጅ ነካው? በመጽሐፉ ብርቅ የተባለው የዲ.ኤን.ኤ. ምልክትም በአጻጻፍ ስሕተት ነው እንጂ በአብዛኞቹ አውሮፓውያን ላይ የሚገኝ መሆኑን የሙያው ሰዎች አመልክተዋል።

ሁለት ቀሚሶች

በዚህ ጊዜ ሱረቱ ዩሱፍን ማስታወስ ግድ ይላል። በዚያች ሱራ ውስጥ ስለ ልብስ ማስረጃነት ሁለት ጊዜ ይወሳል። በመጀመሪያው የነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) ልጆች የወንድማቸውን ቀሚስ በሐሰት ደም ነክረው ለአባታቸው አመጡ፤ ተኩላውንም ወነጀሉ። ደሙ እውነተኛ ደም ነበር፤ ወሬው ግን ሐሰት ነበር። አባትየው በደም የተነከረ ልብስ ስላዩ ብቻ አላመኑም። በሁለተኛው ግን የዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ቀሚስ ከኋላ መቀደዱ ንጹሕነታቸውን አረጋገጠ።

የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው? የመጀመሪያውን ቀሚስ ያመጡት እንዲታመን የሚፈልጉት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። በሁለተኛው ጊዜ ግን ከሴትየዋ ወገን የሆነ ምስክር ቀሚሱ ከመታየቱ አስቀድሞ መለኪያውን አስቀመጠ፤ ከፊት ከተቀደደ እርሷ እውነተኛ ናት፣ ከኋላ ከተቀደደ እርሱ እውነተኛ ነው በሚል ለሁለቱም ወገን እኩል ፈረደ። ቀሚሱ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ከላይ ያየናቸው መጻሕፍት ጉድለት እዚህ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ጸሐፊው መጀመሪያ ሰውየውን ይመርጣል፤ ከዚያ ቀሚሱን ይፈልጋል። ከፊት ቢቀደድ «እርሱ ነው» ይላል፤ ከኋላ ቢቀደድ «ተንኮለኛ ስለሆነ ነው» ይላል። ተጠርጣሪው ለንደን ከነበረ ገዳይ ነው፤ ፈረንሳይ ከነበረ በመርከብ ተመላልሶ ገደለ። እንዲህ ካለው ሚዛን ማንም ነፃ አይወጣም።

በአገራችን ቀደም ባለው ዘመን ሌባሻይ የሚባል ልማድ ነበር። ንብረት ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት እንዲጠጣ ይደረግና ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ በወደቀበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ዛሬ ይህን ስንሰማ እናዝናለን፣ እንስቃለንም። በዲ.ኤን.ኤ. ስምና በታተመ ወረቀት የመጣ ሌባሻይ ግን ሌባሻይ መሆኑን ያጣ ይመስለናል።

ጨዋታው ነፍስ ሲያስጠፋ

«ሰዎቹ ሁሉ ሞተዋል፤ ማን ይጎዳል?» ይባል ይሆናል። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በዚያው በእንግሊዝ አገር፣ ከ1975 ጀምሮ በሰሜኑ ግዛት ሴቶችን የሚገድል ሌላ ሰው ተነሳ፤ ጋዜጦችም ከ1888ቱ ስም ወስደው «የዮርክሻየር ሪፐር» አሉት። በ1978 እና በ1979 አንድ ቀላጅ የ1888ቱን ደብዳቤዎች አስመስሎ ለፖሊስ ጻፈ፤ በ1979 ድምፁንም በካሴት ቀድቶ ላከ። የምርመራው ኃላፊዎች አመኑት። ድምፁ የሰንደርላንድ አካባቢ ሰው ድምፅ ስለነበር፣ ያን አነጋገር የሌላቸው ተጠርጣሪዎች እየታለፉ ሄዱ። እውነተኛው ገዳይ ፒተር ሰትክሊፍ በምርመራው ሂደት ዘጠኝ ጊዜ ተጠይቆ ነበር፤ አነጋገሩ ግን የሰንደርላንድ አልነበረም። ካሴቱ ከደረሰ በኋላ በ1981 እስኪያዝ ድረስ ሦስት ሴቶችን ጨምሮ ገደለ። በ13 ሴቶች ግድያ ተፈረደበት። ቀላጁ በዲ.ኤን.ኤ. የተገኘው በ2005 ሲሆን፣ በ2006 የ8 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

እነሆ፣ የአሮጌው ታሪክ አፍቃሪ የጻፈው የሐሰት ወረቀት በሕያዋን ላይ ያደረሰው ይህ ነው። ካሴቱን ያመኑት ደግሞ ልምድ ያላቸው ፖሊሶች ነበሩ። እነርሱ እንዲህ ከተሳሳቱ፣ በቤቱ ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ፊልም ያየ ሰው ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባዋል!

ሚዛን እንዳናጎድል

ይሁንና ፍትሕ ለሁሉም ነውና፣ የፖሊስ ሙያ የሌለው ሰው ሁሉ ከጉዳዩ እጁን ያንሳ ማለታችን አይደለም። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ በ1968 እና በ1969 ሰዎችን የገደለና ራሱን «ዞዲያክ» ብሎ የጠራ ያልተያዘ ወንጀለኛ፣ በምስጢር ምልክት የተጻፉ ደብዳቤዎችን ለጋዜጦች ይልክ ነበር። በ1969 የመጀመሪያውን ምልክት የፈቱት አንድ የትምህርት ቤት መምህርና ባለቤቱ ናቸው። ሁለተኛው ምልክት ለ51 ዓመታት ሳይፈታ ቆይቶ በ2020 ከአሜሪካ፣ ከአውስትራሊያና ከቤልጅየም የተባበሩ ሦስት ሰዎች ፈቱት፤ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮም ትክክል መሆኑን አረጋገጠ። ምልክቱ ሲፈታ የገዳዩ ስም አልተገኘበትም። እነርሱም ከኪሳቸው ስም አልጨመሩበትም። ያገኙትን ተናግረው ያላገኙትን ተዉ።

በለንደኑም ጉዳይ ቢሆን ከፍ ያለውን ሥራ የሠሩት ዝም ብለው መዝገብ የሚያገላብጡት ናቸው። ኦስትሮግ በፈረንሳይ እስር ቤት እንደነበር፣ ድሩዊት ሐኪም እንዳልነበር፣ ልዑሉ በስኮትላንድ እንደነበሩ ያወቅነው በእነርሱ ድካም ነው። ልብ በሉ! የነዚህ ሰዎች ምርጥ ሥራ በዝርዝሩ ላይ ስም መጨመር ሳይሆን ከዝርዝሩ ላይ ስም ማንሳት ነው። ንጹሕን ሰው ነፃ ማውጣት ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ገበያ የለውም። «ልዑሉ ገደለ» የሚል መጽሐፍ በየሱቁ ይሸጣል፤ «ልዑሉ አልገደለም» የሚለውን ማን ይገዛዋል?

አምስቱ ሴቶች

ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን የተገደሉት መረሳታቸው ነው። ገዳዩን ለማግኘት በተጻፉት መጻሕፍት ውስጥ አምስቱ ሴቶች ሬሳ ብቻ ናቸው፤ የቁስላቸው ልክ ይጻፋል እንጂ ሕይወታቸው አይጻፍም። በ2019 የታሪክ ጸሐፊዋ ሃሊ ሩበንሆልድ «አምስቱ» የሚል መጽሐፍ አወጣች። ገዳዩ ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ወደ ጎን ትታ፣ ሴቶቹ ከልደታቸው ጀምሮ እንዴት እንደኖሩ በመዝገብ ተከታተለች። ሁሉም ሴተኛ አዳሪዎች ነበሩ የሚለው የተለመደ ወሬ፣ ቢያንስ በሦስቱ ላይ ማስረጃ የሌለው መሆኑን ተከራከረች። በዚህ ክርክሯ የማይስማሙ አሉ። የሕይወት ታሪካቸው ግን በግልጽ ሊነበብ የሚገባው ነው።

ሜሪ አን ኒኮልስ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ሚስትና የአምስት ልጆች እናት ነበረች። ትዳሯ ፈርሶ፣ ከድሆች መጠለያ ወደ ድሆች መጠለያ ተንከራተተች፤ በሞተችበት ሌሊት የአልጋ አራት ፔንስ አጥታ ከማደሪያው ተመልሳ ነበር። አኒ ቻፕማን የጋሪ ነጂ ሚስት ነበረች፤ የ12 ዓመት ልጇን በማጅራት ገትር ቀበረች፤ ባሏ በ1886 ሲሞት ይልክላት የነበረው የሳምንት አሥር ሽልንግ ተቋረጠ። ኤልዛቤት ስትራይድ ከስዊድን አገር የመጣች የገበሬ ልጅ ነበረች። ካትሪን ኤዶውስ በሞተችበት ሌሊት ሰክራ በፖሊስ ጣቢያ ቆይታ የተለቀቀችው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ሜሪ ጄን ኬሊ ዕድሜዋ ወደ 25 ይገመታል። ልጅ ሞት፣ መጠጥ፣ ፍቺ፣ ድህነት፣ የሌሊት ማደሪያ ማጣት፤ የሴቶቹ ታሪክ በአብዛኛው ይህ ነው። በጎዳና የምትቀር ሴት ዛሬም በየከተማው አለች። ስለ እርሷ ቢታሰብ አንዲት ነፍስ ይድናል፤ ስለ ገዳዩ ስም ቢታሰብ ማንም አይድንም።

በዚያው ምሥራቅ ለንደን በ2015 አንድ ሙዚየም ተከፈተ። ለፈቃድ የቀረበው የአካባቢው ሴቶች ታሪክ ሙዚየም ተብሎ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ግን የጃክ ዘ ሪፐር ሙዚየም ሆኖ ተገኘ። የሰፈሩ ሴቶች ሰልፍ ወጡበት። ለሴቶቹ የታሰበውን ቤት ገዳዩ ወሰደው ብንል አልተሳሳትንም።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች! ልጆቻችሁን «ይህን ታሪክ እንዳትሰሙ» ብትሏቸው ተደብቀው ይሰሙታል። ይልቅስ ሲሰሙ አብራችኋቸው ተቀመጡና ጥያቄ አስተምሯቸው። ይህን የተናገረው ማን ነው? በቦታው ነበር ወይስ ከሌላ ሰማ? ተጠርጣሪው ንጹሕ ቢሆን ኖሮ በምን ይታወቅ ነበር? የመጨረሻውን ጥያቄ መመለስ ያልቻለ ጸሐፊ አንብቡት፣ ግን አትመኑት። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የሚለው ብሂል የተነገረው ለዚህ ነው።

በሱረቱል ሑጁራት ስለ ጥርጣሬና ስለ ሐሜት፣ አመጸኛ ስለሚያመጣው ወሬ ማጣራት የተሰጡት ትእዛዛት በሁላችሁም ዘንድ የታወቁ ናቸው። ማስረጃ ማምጣት የከሳሹ ግዴታ መሆኑም በሸሪዓ የጸና ደንብ ነው። ይህ ደንብ ተከሳሹ ሙስሊም ሲሆን ብቻ፣ ወይም ሕያው ሲሆን ብቻ አይሠራም። እንግሊዛዊው ሠዓሊም፣ ፖላንዳዊው አይሁድም፣ የንግሥቲቱ ሐኪምም ስማቸው እንዲጠበቅ መብት አላቸው። ሕዝባችንም ስለ ሞተ ሰው ክፉ ሊናገር ሲል አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለው በከንቱ አይደለም፤ ሙት ተነስቶ መልስ መስጠት አይችልምና። ሰው በሌለበት ባለበት ነገር ማማት ጊባ ነው፤ በሌለበት ነገር ማማት ቡህታን ነው። የነፍስ ግድያ ቡህታን ሲሆን ደግሞ ምን ያህል ይከብዳል!

«አላውቅም» ማለት በመድረሳ ውርደት አይደለም፤ ታላላቅ ኢማሞች በብዙ መስአላ ላይ ተጠይቀው «አላውቅም» ብለዋል። የኋይትቻፕሉን ገዳይ በተመለከተም የዕውቀት መልስ ይህ ነው። ልጃችሁ ነገ በክፍል ውስጥ አንድ ዕቃ ጠፍቶ ጓደኞቹ «እገሌ ነው» ብለው ሲጮኹ «አይታችኋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ከዚህ አሳዛኝ ታሪክ የሚገባውን ትምህርት አግኝቷል።

አላህ (ሱ.ወ.) ምላሳችንን ከቡህታን፣ ልባችንን ከክፉ ጥርጣሬ ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።